ዐፄ ሱስንዮስና የመጨረሻው ዐዋጃቸው

ከአዊ አገር የተወለደ ተማሪ የዐፄ ሱስንዮስን ታሪክ ለመጻፍ ብዕር ሲያነሣ አስቀድሞ ከገዛ ራሱ ጋር የሚጨርሰው ክርክር አለ። እኚህ ንጉሥ በዘመናቸው በጎጃም አገው ላይ ደጋግመው የዘመቱ፣ ከብቱን ያስነዱ፣ ግብሩን በጦር ያስከፈሉ ሰው ናቸው። እንግዲህ የእንጅባራና የዳንግላ ልጅ ስለ እርሳቸው ምን ሊል ይገባዋል? አያቶቼን የወጉ ናቸውና ስማቸው አይነሣ ይበልን? ወይስ ዘውድ የጫነ ሁሉ ታላቅ ነው ብሎ ያሞግሳቸው? ሁለቱም መንገድ ለተማረ ሰው አይበጅም። የሰው ታሪክ የሚጠቅመን ልማቱና ጥፋቱ፣ ድፍረቱና ስሕተቱ በአንድ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ነው። የዐፄ ሱስንዮስም ሕይወት ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ለተቀመጥን ወጣቶች አንድ ከባድ ትምህርት ይዟል፤ ይኸውም አገርን በጕልበት መያዝ የቻለ ሰው የሕዝብን ልብ በጕልበት መያዝ አለመቻሉ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ሱስንዮስ የተወለዱት በ1572 ገደማ ነው። አባታቸው አቤቶ ፋሲለደስ የዐፄ ልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ነበሩ፤ እናታቸው ሐመልማለ ወርቅ ይባላሉ። ዘመኑ ለኢትዮጵያ ክፉ ዘመን ነበር። የግራኝ አሕመድ ጦርነት በ1543 ካበቃ ገና ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፣ ሕዝቡ አልቋል፣ የቀረውም ተሰዷል፤ የመንግሥቱ ክንድ ዝሏል። በዚያው ጊዜ የኦሮሞ ሕዝብ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይስፋፋ ስለ ነበር በየአውራጃው ውጊያ አይጠፋም ነበር። ከነዚህ ውጊያዎች በአንደኛው የሱስንዮስ አባት ተገደሉ፤ ልጁም ተማርከው ወደ ኦሮሞዎቹ ሰፈር ተወሰዱ። በዚያም ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጡ። ዳሩ ግን የምርኮው ዘመን በከንቱ አላለፈም፤ ሱስንዮስ ቋንቋቸውን ለመዱ፣ የፈረስ ውጊያቸውንም ስልት አወቁ። ኋላ የነገሥታት ቤት ልጆች ያላወቁትን ይህን ዕውቀት ይዘው ነው ዙፋን ላይ የወጡት። ከምርኮ ከወጡ በኋላ በዐፄ ሠርፀ ድንግል እናት በእቴጌ አድማስ ሞገሳ ቤት አደጉ።

ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1597 ሲሞቱ ለአቅመ መንግሥት የደረሰ ወራሽ አልተዉም። መኳንንቱም እንደ ፈቀዱ ለማስተዳደር እንዲመቻቸው የሰባት ዓመት ያህል ልጅ የነበረውን ያዕቆብን አነገሡ። ያዕቆብ አድጎ በራሱ ልግዛ ባለ ጊዜ በ1603 ሽረው ዘድንግልን አነገሡ፤ ዘድንግልም ያልጠበቁት ሰው ሆኖ ቢያገኙት በ1604 በደምብያ ባርጫ በተባለ ስፍራ ተዋግተው ገደሉት። ከዚያም ያዕቆብን መልሰው አመጡ። አንባቢ ሆይ፤ ንጉሥ እንደ ሸማ የሚለበስና የሚወልቅበት ዘመን እንደ ነበር ልብ በሉ። ሱስንዮስ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጎጃም ወደ ሸዋ፣ ከሸዋ ወደ አማራ እየተዘዋወሩ ተከታይ የሚሰበስቡ ሸፍታ ነበሩ። ማረፊያቸው የፈረስ ጀርባ ነበር። በመጨረሻም በመጋቢት ወር 1607 በደቡብ ጎጃም ጎል በተባለ ስፍራ ከያዕቆብ ጋር ገጠሙ። ያዕቆብ ሞተ፤ ከእርሱም ጋር ግብፃዊው ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ በዚያው ሜዳ ቀሩ። ሱስንዮስም ሥልጣን ሰገድ ተብለው ነገሡ፤ በመጋቢት 1608 እንደ ቀደምት ነገሥታት ሥርዓት አክሱም ጽዮን ሄደው በአቡነ ስምዖን እጅ ዘውድ ጫኑ።

ዙፋኑን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ማቆየት ሌላ ነው። ገና በመጀመሪያው ዓመት በትግራይ አንድ ሰው ተነሥቶ አልሞትሁም፣ ያዕቆብ እኔ ነኝ በማለቱ ብዙ ሕዝብ ተከተለው፤ እርሱም እስኪጠፋ ድረስ ብዙ ደም ፈሰሰ። እንዲህ ያለው ነገር ንጉሡን ሁለት ነገር አስተማራቸው፤ አንደኛ መኳንንቱን አለማመን፣ ሁለተኛ የራሳቸው የሆነ ኀይል መሻት። ስለዚህ በልጅነታቸው ያወቋቸውን የኦሮሞ ጭፍሮች በሠራዊታቸው ውስጥ አገቡ፣ በጎጃምና በበጌምድርም መሬት ሰጥተው አሰፈሯቸው። ወንድማቸውን ራስ ሥዕለ ክርስቶስን በጎጃም ላይ ሾሙ። በ1618 እና በ1619 ወደ ስናር ወሰን ጦር ላኩ። ለሥራም ሰነፍ አልነበሩም፤ ጎርጎራና ደንቀዝ በእርሳቸው ዘመን የመንግሥት መቀመጫ ሆኑ፣ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተሠራች፣ ከጢስ ዐባይ ፏፏቴ በታችም በድንጋይና በኖራ የታነጸው የአላታ ድልድይ ተዘረጋ። የዘመናቸውንም ታሪክ አባ ምሕርካ ድንግልና ከእርሳቸው በኋላ አዛዥ ጢኖ በግእዝ ጽፈውታል።

አሁን ወደ እኛ አገር እንመለስ። በዚያ ዘመን አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም የሚባሉት ሰባቱ የአገው ቤቶች ለማእከላዊው መንግሥት ገና በሙሉ አልገበሩም ነበር። የአገው ባላገር እርሻውን አርሶ፣ ፈረሱን አሰማምሮ፣ በሽማግሌዎቹ ዳኝነት የሚኖር ሕዝብ ነበር። ነገሥታቱ ግን ይህን ምድር የሚያዩት በከብቱና በማሩ ብዛት ነው። ሠራዊት ቀለብ ይፈልጋል፤ ወታደርም ያለ ምርኮ አይረካም። ስለዚህ ዐፄ ሱስንዮስ፣ ከእርሳቸው በፊት ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንዳደረጉት፣ ደጋግመው ወደ አዊ ምድር ወረዱ። ዜና መዋዕላቸው እነዚህን ዘመቻዎች እንደ ድል ይቈጥራቸዋል፤ ቤቱ ለተቃጠለበት ባላገር ግን ድል የሚባል ነገር አልነበረውም። ከዘመቻው በኋላ ማጥመቅ ይከተል ነበርና ሕዝቡ መስቀልንና ጦርን በአንድ ቀን አየ። ይህን ማለቴ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ በንጉሡ ዜና መዋዕል የማይሰማው የተሸናፊው ድምፅ በእኛ በልጆቹ ብዕር ጥቂት ስፍራ ማግኘት ስለሚገባው ነው።

ከአዊ ጋር በምትጎራበተው በሰከላ የሚገኘው የግሽ ዐባይ ምንጭም ለአውሮፓ የተገለጠው በእነዚሁ ዘመቻዎች በአንደኛው ነው። በሚያዝያ 1618 ንጉሡ ከሠራዊታቸው ጋር በዚያ ሲያልፉ አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለ የስፔን ቄስ አብሯቸው ነበር፤ የምንጩንም ዐይን በገዛ ዐይኑ አይቶ በዝርዝር ጻፈ። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው ይህን ስፍራ ያየው ከ150 ዓመታት በላይ ቈይቶ በ1770 ነው፤ የአገሩ ሰው ግን ምንጩን ከማንም በፊት ያውቀውና ያከብረው እንደ ነበር መናገር አያስፈልግም።

ይህ ፓኤዝ የተባለው ሰው በዐፄ ሱስንዮስ ሕይወት ውስጥ ትልቅ ስፍራ ይዟል። ኢየሱሳውያን ከሚባሉት የካቶሊክ ካህናት ማኅበር ነው። ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ሲሞክር በቱርኮች እጅ ወድቆ በየመን ሰባት ዓመት ያህል ከታሰረ በኋላ በ1603 ገባ። አማርኛና ግእዝ ተማረ፤ ሕፃናትን አስተማረ፤ ትሕትናውና ዕውቀቱ ብዙ ሰው ማረከ። ንጉሡም ወደዱት። ይሁን እንጂ የንጉሡ ፍቅር ለሃይማኖት ብቻ አልነበረም። በ1541 አራት መቶ የፖርቱጋል ነፍጠኞች መጥተው በግራኝ ጦርነት መንግሥቱን እንደ ረዱ ገና አልተረሳም፤ ከመኳንንቱ ሴራ ዕረፍት ያጡት ሱስንዮስም ነፍጥና ወታደር ከባሕር ማዶ ቢመጣልኝ ዙፋኔ ይጸናል ብለው አሰቡ። ለሮም ሊቀ ጳጳሳትና ለስፔን ንጉሥ ደብዳቤ ጻፉ። በ1613 ደግሞ አባ አንቶኒዮ ፈርናንዴዝን ከኢትዮጵያዊ መልእክተኛ ጋር በደቡብ በኩል በእናርያ አድርገው ወደ ማሊንዲ ባሕር እንዲወጡ ላኩ፤ መንገዱ ተዘጋና መልእክተኞቹ ተመለሱ። የተመኙት ጦር ከቶ አልመጣም። የመጣው ክርክር ነው።

ክርክሩ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ነበር። ኢየሱሳውያኑ ሁለት ባሕርይ እያሉ፣ የአገሩ ሊቃውንት ተዋሕዶን እያጸኑ በንጉሡ ፊት ተከራከሩ። ክርክር በክርክር ቢቀር መልካም ነበር፤ ንጉሡ ግን በዐዋጅ ገቡበት። ሁለት ባሕርይን የሚክድ ይቀጣል አሉ። ያን ጊዜ አቡነ ስምዖን አወገዙ፤ የንጉሡ ልጅ ባል ዮልዮስም ሸፈተ። በግንቦት 1617 በተደረገው ውጊያ ዮልዮስ ወደቀ፤ ዘጠኝ ዓመት አስቀድሞ ዘውዱን በንጉሡ ራስ ላይ የደፉት አቡነ ስምዖንም በዚያው ጦርነት ተገደሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቅዳሜን ማክበር በተከለከለ ጊዜ በበጌምድር ዮናኤል ተነሣ፤ በዳሞትም መነኮሳት ከባላገሩ ጋር ሆነው ዐመፁ። ሁሉም ተሸነፉ። ንጉሡም ድላቸውን እንደ እውነት ማስረጃ ቈጠሩትና በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበሉ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞተ። ከእርሱ ጋር ትዕግሥትም የተቀበረ ይመስላል።

በ1625 አፎንሶ ሜንዴዝ የተባለ ፓትርያርክ ከሮም ተሹሞ ገባ። ይህ ሰው ሊቅ ነበር፤ ነገር ግን የሰውን ልብ አያውቅም። በየካቲት 1626 በደንቀዝ ትልቅ ጉባኤ ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ ተንበርክከው ለሮም መታዘዛቸውን ማሉ፤ ልጃቸው ፋሲለደስና መኳንንቱም ተከትለው ማሉ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ግን በመሐላው አልረካም፤ ሰይፉን መዝዞ ከዚህ ሃይማኖት የሚወጣውን ሁሉ አስፈራራ። ከዚያም ሥርዓቱ ሁሉ ተገለበጠ። የአገሩ ካህናት ክህነት እንደ ሌለው ተቈጥሮ እንደ ገና እንዲሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና እንዲባረኩ፣ ሕዝቡም እንደ ገና እንዲጠመቅ ተባለ። ግዝረት ተከለከለ፤ የጾሙና የበዓሉ ቀን ተለወጠ። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቀበረ የአንድ ታላቅ መነኩሴ አስከሬን እንኳ ተቈፍሮ እንዲወጣ ተደረገ። አንድ ጊዜ አስቡት፤ አባቱ የተጠመቀባትን ጥምቀት ጥምቀት አይደለችም የተባለ ገበሬ ምን ይሰማዋል? ሙታኑ እንኳ ዕረፍት ያጡበት ሰው ለሕይወቱ ምን ይሳሳል?

ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ ነደደ። በ1628 በትግራይ ሌላው የንጉሡ አማች ተክለ ጊዮርጊስ ሸፈተ፤ ተይዞም ተሰቀለ። በ1629 ደግሞ የላስታ አገው ተነሣ። በመልክዐ ክርስቶስ መሪነት የተነሡት እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ጋሻና በትር የያዙ ገበሬዎች ነበሩ፤ ተራራቸውን መሸሸጊያ አድርገው የንጉሡን ሠራዊት ደጋግመው መለሱ። በዚህ ቦታ የአዊ አንባቢ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባል። የእኛ ሽማግሌዎች የሰባቱን ቤት አባቶች ከላስታ የመጡ ወንድማማቾች ናቸው ይሏቸዋል። እንግዲህ ንጉሡ በምዕራብ በዘመቻ ያደከሙት የአገው ዘር በምሥራቅ ሊሰብሩት ያልቻሉት ተቃዋሚ ሆነ ማለት ነው። ኋላ ፓትርያርኩ ጥቂት ሥርዓት ቢያላላም ጊዜው አልፎ ነበር። ሕዝቡ የሚጠይቀው ጥቂት ማላላትን አልነበረም።

በ1632 መልክዐ ክርስቶስ ከተራራው ወርዶ ወደ ንጉሡ ከተማ ገሠገሠ። ዐፄ ሱስንዮስም በወይና ደጋ ገጠሙት። ፈረሰኛው በገበሬው ላይ ሲለቀቅ ውጊያ ሳይሆን አጨዳ ሆነ፤ ከላስታ ወገን የሞተው ወደ 8,000 ይደርሳል ይባላል። በማግስቱ ልጃቸው ፋሲለደስና መኳንንቱ ንጉሡን ወደ ሬሳው ሜዳ ወሰዷቸውና አሳዩአቸው። እነዚህ የተረፈረፉት እስላም ወይም አረመኔ አለመሆናቸውን፣ የገዛ ዜጎቻቸው፣ ወንድሞቻቸውና ክርስቲያኖች መሆናቸውን፣ በእንዲህ ያለ ድል የሚደሰት ጠላት ብቻ መሆኑን ነገሯቸው። ንጉሡ መልስ አልነበራቸውም። ከድል ሜዳ እንደ ተሸነፈ ሰው ተመለሱ። በሕዝብ አፈ ታሪክ ሃይማኖት በመለወጣቸው ምላሳቸው ተጐልጕሎ መናገር ተሳናቸው ይባላል። አፋቸውን የዘጋው ግን ያ ሜዳ ሳይሆን አይቀርም።

በሰኔ 1632፣ በእኛ አቆጣጠር በ1624 ዓ.ም.፣ ዐዋጅ ነጋሪው ወጣ። ንጉሡ አዲሱን ሃይማኖት ያመጡት ይበጃል ብለው እንደ ነበር፣ ስለ እርሱ ግን ብዙ ሰው ማለቁን፣ ከእንግዲህ ወዲህ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ፣ ካህናቱም ወደ መንበራቸው እንዲገቡ፣ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ መተዋቸውን የሚያስረዳ ነበር። የደስታው እልልታ ከመንደር ወደ መንደር ተሻገረ። ሱስንዮስ ግን በራሳቸው በኩል የተቀበሉትን እምነት እንዳልተዉ ኢየሱሳውያኑ ጽፈዋል። ከሦስት ወር በኋላ በመስከረም አረፉ፤ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስም ተቀበሩ። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን አስቀድመው በትግራይ ወደምትገኘው ፍሬሞና፣ በ1634 ከአገር አስወጡ፤ አጎታቸውን ራስ ሥዕለ ክርስቶስንም አጋዙት። በ1636 ጎንደርን መሠረቱ። አገሪቱም ለውጭ ሰው ለረጅም ዘመን በሯን ዘጋች።

በዚያው ዘመን ከእኛ እጅግ በራቀች በጃፓንም ተመሳሳይ ታሪክ ይፈጸም ነበር። በዚያም ኢየሱሳውያን ገብተው ነበር፤ በ1614 የቶኩጋዋ መንግሥት ክርስትናን ከለከለ፣ በ1639 ፖርቱጋሎችን አባረረ። የዘመኑ ንጉሠ ነገሥት ጎ ሚዝኑኦ ለመነኮሳት የሰጡትን የሐምራዊ ካባ ማዕርግ ሾጉኑ ስለ ሻረባቸው በ1629 ዙፋናቸውን ለትንሽ ሴት ልጃቸው ለሜይሾ ለቀቁ። ሁለቱ ነገሥታት በሦስት ዓመት ልዩነት ዘውድ ተዉ። ጃፓናዊው የተዉት ማዕርግ እንጂ ሥልጣን ስላልነበራቸው ነው፤ የእኛው ግን ሥልጣኑ ሁሉ በእጃቸው ሳለ፣ ባሸነፉበት ሰሞን ነው።

እንግዲህ የሚዛኑ ፍርድ ምን ይሁን? ዐፄ ሱስንዮስ ደፋር ጦረኛ፣ ብልህ ገዢ፣ ለዕውቀትና ለግንብ ሥራ የሚጓጉ ሰው ነበሩ። በአገው ምድር ያፈሰሱትን ደም ታሪክ አይሰርዘውም። ትልቁ ስሕተታቸው የውጭ ትምህርት መስማታቸው አይደለም፤ መስማትስ መልካም ነው። ስሕተታቸው የሰሙትን ሕዝቡ ሳይመክርበት በዐዋጅና በሰይፍ ማውረዳቸው ነው። ነገር ግን የመጨረሻው ዐዋጃቸው ከብዙ ድላቸው ይበልጣል እላለሁ። ስሕተቱን እያወቀ ለክብሩ ሲል እስከ መጨረሻው የሚገፋ ገዢ በዓለም ብዙ ነው፤ ተሳስቻለሁ ብሎ የሚመለስ ጥቂት ነው። መመለሳቸው ዐሥር ዓመት ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ስንት ገበሬ እርሻውን አርሶ ባደረ ነበር!

እኛም ነገ ዲግሪያችንን ይዘን ወደ ባንጃ፣ ወደ ጓጉሳ፣ ወደ ፋግታ ስንመለስ ከመጽሐፍ ያገኘነውን አዲስ አሳብ ይዘን ነው። ባላገሩ እምቢ ሲለን መሃይም ነው ብለን ከመቈጣታችን በፊት ለምን እምቢ እንዳለ ተቀምጠን እንጠይቀው። ዐፄ ሱስንዮስ ይህን ጥያቄ የጠየቁት በወይና ደጋ ሬሳ መካከል ቆመው ነበር።